ቁጥሩ የማን ነው? የሙከራ መረጃንና ሜታዳታን ስለ ማጣመር

ዛሬ የምናገረው በሳይንስ ሥራ ውስጥ ብዙ ሰው ቆም ብሎ ስለማያየው፣ በምርምር ጽሑፍም ውስጥ ከአንድ ዓረፍተ ነገር የበለጠ ቦታ ስለማይሰጠው አንድ እርምጃ ነው። ተመራማሪው ከሙከራው ያገኘውን የቁጥር ሠንጠረዥ ይይዛል፤ ስለዚያው ሙከራ ተጨማሪ ነገር የሚያስረዳ ሌላ ሠንጠረዥ ያመጣል፤ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ እንደ ጽሕፈት ሥራ ይቆጠራል፤ ለጀማሪ ረዳት ይሰጣል፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠናቀቃል፣ ከዚያም ይረሳል። ዓላማዬ ይህ ግምት ስህተት መሆኑን ማሳየት ነው። ሠንጠረዥ ማጣመር ሳይንሳዊ ቃል መስጠት ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ላይ «ይህ ልኬት የዚህ ነገር ነው» እያሉ መመስከር ነው፤ ምስክር ደግሞ ማስረጃ ይጠየቃል። በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ በምሳሌ አስረዳለሁ፤ ቀጥዬ ስህተቱ ድምፅ ሳያሰማ እንዴት እንደሚገባ፣ ገብቶም ምን እንዳደረሰ አነሣለሁ፤ ከዚያ ወደ አገራችን መዛግብት እመለሳለሁ፤ በመጨረሻም የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች እመልሳለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ካልገለጽሁ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ ላይ ክርክሬ ራሱ የሚያርፍበት ነገር ነውና።

ሜታዳታ የምንለው ስለ መረጃው የሚናገረውን መረጃ ነው። አንድ የጤፍ ዝርያ ሙከራ እናስብ። 40 ዝርያዎች በ2 ቦታ፣ በደብረ ዘይትና በአዴት እንበል፣ በየቦታው 3 ጊዜ እየተደጋገሙ ተዘርተዋል። በጠቅላላው 240 የሙከራ መደቦች ይሆናሉ። ምርቱ ሲሰበሰብ ከየመደቡ የሚመዘገበው ጥቂት ነገር ነው፤ የመደቡ ቁጥር፣ የታጨደበት ቀንና የፍሬው ክብደት። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። መደብ 57 ላይ የተዘራው የትኛው ዝርያ እንደነበር የሚያውቀው ከዘር በፊት የተዘጋጀው የመስክ ንድፍ ነው። ያ ዝርያ መቼ እንደተለቀቀ፣ በስንት ቀን እንደሚደርስ የሚያውቀው የዝርያዎች መዝገብ ነው። የአፈሩ ምርመራ ከላቦራቶሪ ዘግይቶ ይመጣል፤ የዝናቡ መጠን ከሜትሮሎጂ ጣቢያ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ ሙከራ ላይ ቢያንስ አራት አምስት ሠንጠረዥ አለ፤ እያንዳንዱም በሌላ እጅ፣ በሌላ ጊዜ፣ ለሌላ ዓላማ የተጻፈ ነው። የምርምሩ ጥያቄ ግን አንዱ ሠንጠረዥ ብቻውን የሚመልሰው አይደለም። «ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎች ዝናብ ባጠረበት ቦታ የተሻለ ሰጡ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ክብደቱን፣ ንድፉን፣ የዝርያውን መዝገብና ዝናቡን አንድ ላይ ይፈልጋል። መልሱ የሚወለደው ከጥምረቱ ነው።

ታዲያ ሁሉንም ከመጀመሪያው በአንድ ሰፊ ሠንጠረዥ ላይ መጻፍ አይቀልም ወይ? አይቀልም። በአይቢኤም ይሠራ የነበረው ኤድጋር ኮድ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ መረጃን ተዛማጅ በሆኑ ሠንጠረዦች ከፍሎ የመያዝን ሐሳብ ሲያቀርብ ካነሣቸው ችግሮች አንዱ፣ አንድ እውነት በብዙ ቦታ ሲደጋገም እርስ በርሱ ሊጋጭ መቻሉ ነው። የአንድ ዝርያ የመልቀቂያ ዓመት በ6 መደቦች ላይ 6 ጊዜ ከተጻፈና አንዱ ቦታ ላይ ብቻ ከታረመ፣ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገር አይኖርም። አንድ ጊዜ ብቻ በዝርያው መዝገብ ላይ ተጽፎ፣ ሲፈለግ በመለያው አማካይነት ቢጠራ ግን እርማቱ አንድ ቦታ ይሆናል። ይህ መለያ ቁልፍ ይባላል። ቁልፉ ሁለት ግዴታ አለበት፤ ከመዝገቡ ወገን አንድን ነገር ብቻ ማመልከት፣ ከልኬቱ ወገን ደግሞ ሳይዛባ መጻፍ። የዛሬው ንግግር ከሞላ ጎደል እነዚህ ሁለት ግዴታዎች ሲጣሱ ስለሚሆነው ነገር ነው።

አር የተባለው የስታቲስቲክስ ቋንቋ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኒውዚላንድ በኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሮስ ኢሃካና በሮበርት ጀንትልማን የተጀመረ ሲሆን፣ ዛሬ በግብርና፣ በሕክምናና በሥነ ሕይወት ምርምር በስፋት ይሠራበታል። ቋንቋው ሠንጠረዥ ለማጣመር ከጥንት ጀምሮ መርጅ የተባለ ትእዛዝ አለው፤ በኋላ ዲፕላየር የተባለው ጥቅል ሌፍት ጆይንን፣ ኢነር ጆይንን፣ አንቲ ጆይንንና መሰሎቻቸውን አመጣ። ልዩነታቸው የስም ብቻ አይደለም። መርጅ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በቀር በሁለቱም ወገን ቁልፋቸው የተገኘላቸውን ረድፎች ብቻ ያስቀራል፤ ያልተገኘላቸውን ሳይናገር ይጥላል፤ ያስቀራቸውንም በቁልፉ ቅደም ተከተል እንደገና ይደረድራል። ሌፍት ጆይን የልኬቱን ረድፎች ሁሉ ይጠብቃል፤ በመዝገቡ ውስጥ ያላገኘውን ቦታ ኤንኤ፣ ማለትም «የለም» በሚል ምልክት ይሞላል። ሁለቱም ትእዛዞች የታዘዙትን በትክክል ይፈጽማሉ። ተመራማሪው ያሰበውና ኮምፒዩተሩ የፈጸመው ነገር ግን ሊለያይ ይችላል፤ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል ልለፍ፤ ስህተቱ እንዴት ድምፅ ሳያሰማ እንደሚገባ። በዝርያዎች መዝገብ ላይ አንድ ዝርያ በስህተት ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከነበረ፣ ያ ዝርያ የተዘራባቸው 6 መደቦች እያንዳንዳቸው ሁለት ጊዜ ይጣመራሉ፤ 240 የነበረው ረድፍ 246 ይሆናል። ያ ዝርያ ባልዘራነው መደብ ላይ ምርት የሰጠ መስሎ በስሌቱ ውስጥ እጥፍ ክብደት ያገኛል። ሌላ ዝርያ ደግሞ ስሙ በአንዱ ሠንጠረዥ ላይ በሌላ ፊደል ስለ ተጻፈ መዝገቡ ውስጥ ካልተገኘ፣ በመርጅ 6 ረድፎች ይጠፋሉ። ሁለቱ ስህተቶች በአንድ ቀን ከተገናኙ የረድፉ ቁጥር እንደገና 240 ይሆናል። ቆጥሮ «ልክ ነው» ያለ ሰው አልዋሸም፤ ሠንጠረዡ ግን አንድ ዝርያ ጎድሎት ሌላው ተደግሞበታል። ብዙ መምህራን «ከማጣመር በፊትና በኋላ ረድፍ ቁጠሩ» ብለው ያስተምራሉ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ በቂ ግን አይደለም። መጠየቅ ያለበት ስንት ረድፍ ቀረ ብቻ ሳይሆን የትኛው ቀረ፣ የትኛውስ ተደገመ ነው። አንቲ ጆይን የተሠራው ለዚህ ነው፤ ጓደኛ ያላገኙትን ረድፎች በስማቸው ያወጣቸዋል። ከሁሉም ትእዛዞች ይህን አብልጬ አከብረዋለሁ፤ ምክንያቱም የሚመልሰው የጎደለውን ነው።

ቁልፉ የሚበላሸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማጣመሩ በፊት፣ ፋይሉ ሲነበብ ነው። «007» ተብሎ የተጻፈ የመደብ መለያ እንደ ቁጥር ሲነበብ 7 ይሆናል፤ በሌላው ሠንጠረዥ ላይ እንደ ጽሑፍ ከቀረ ሁለቱ አይተዋወቁም። እዚህ ላይ ዲፕላየር ጽሑፍንና ቁጥርን አላጣምርም ብሎ ይቆማል፤ መርጅ ግን ዝም ብሎ ያልፋል። በቁጥር የሚጀምር የናሙና ስም የዓምድ ርዕስ ሆኖ ሲገባ፣ የቆየው የአር ማንበቢያ ፊቱ ላይ ሌላ ፊደል ይጨምርበታል፤ በመካከሉ ያለውንም ሰረዝ ወደ ነጥብ ይለውጣል። የናሚቢያ ዓለም አቀፍ የሁለት ፊደል መለያ ከኤንኤ ምልክት ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ጥንቃቄ ካልተደረገ አንድ ሙሉ አገር «የለም» ተብሎ ይነበባል። ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ይህ ነው፤ መርጅም ሆነ ዲፕላየር፣ ሌላ ካልታዘዙ፣ ባዶ ቁልፍን ከባዶ ቁልፍ ጋር ያጣምራሉ። መለያው ያልታወቀ ልኬት መለያው ካልታወቀ መዝገብ ጋር ሙሉ የሆነ ረድፍ ይፈጥራል። ሁለት አለማወቅ ተገናኝተው አንድ እውቀት መስለው ይታያሉ።

ኤክሴል ቁልፍን እንዴት እንደሚለውጥ በጂን ምርምር ላይ በግልጽ ታይቷል። ሴፕት2 ይባል የነበረው ጂን ስሙ ከሴፕቴምበር ወር አጻጻፍ ጋር ስለሚመሳሰል ፕሮግራሙ ቀን አድርጎ ይለውጠው ነበር፤ ማርች1ም እንዲሁ። በ2016 ጂኖም ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የጂን ዝርዝር በኤክሴል አባሪ ካደረጉ ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ የስም ስህተት እንዳለባቸው አሳየ። በ2020 የጂኖችን ስም የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የእነዚህን ጂኖች ስም ለወጠ። ሶፍትዌሩ ስላልተስተካከለ ሳይንሱ ስሙን ቀየረ ማለት ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ቁልፍ ምን ያህል ተሰባሪ እንደሆነ የሚያሳይ ነው።

እስካሁን ያነሣኋቸው በቁልፍ የተደረጉ ጥምረቶች ናቸው። ከዚህ የከፋው ያለ ቁልፍ፣ በአቀማመጥ ብቻ ማጣመር ነው፤ አንደኛው ረድፍ ከአንደኛው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው እየተባለ ሁለት ዓምዶችን ጎን ለጎን መለጠፍ። በአር ይህን ማድረግ እጅግ ቀላል ነው፤ በኤክሴልም ቀድቶ መለጠፍ ይበቃል። አንዱ ሠንጠረዥ በመካከሉ እንደገና ከተደረደረ ግን ሁሉም ረድፍ የሌላ ሰው ስም ይይዛል፤ አንድም ባዶ ቦታ ስለማይታይ ማንም አይጠረጥርም። በዚህ ላይ ሳይንስ ከባድ ዋጋ የከፈለበትን አንድ ታሪክ ማስታወስ ግድ ይለኛል።

በ2006 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር ሜዲሲን በተባለው መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጡ። የካንሰር ሕዋሳትን የጂን ንባብ በማየት የትኛው በሽተኛ ለየትኛው መድኃኒት ምላሽ እንደሚሰጥ መተንበይ ይቻላል አሉ። በሂዩስተን በሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የሚሠሩት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ኪት ባገርሊና ኬቨን ኩምብስ ውጤቱን ለመድገም ሲሞክሩ አልተደገመላቸውም። መረጃውን ወደ ኋላ እየተከተሉ ሲመረምሩ ያገኙት ይህ ነበር፤ በታተሙት የጂን ዝርዝሮች ላይ ስሞቹ በአንድ ረድፍ ተንሸራተው ነበር፤ እያንዳንዱ ንባብ የጎረቤቱን ጂን ስም ይዟል። በአንዳንድ መድኃኒቶች ላይ ደግሞ «መድኃኒቱ ይሠራበታል» እና «መድኃኒቱን ይቋቋማል» የሚሉት የናሙና ምልክቶች ተገላብጠው ነበር። ሁለቱም የጥምረት ስህተቶች ናቸው፤ ንባቡ በራሱ ተበላሸ አልተባለም፤ የማን እንደሆነ የሚናገረው ምልክት ነበር የተዛባው። በዚያ ጥናት ላይ የተመሠረቱ የሕክምና ሙከራዎች በታማሚዎች ላይ ተጀምረው ነበርና ጉዳዩ የወረቀት ክርክር ብቻ አልነበረም፤ ምልክቱ የተገለበጠበት ትንበያ አንድን ታማሚ ወደማይረዳው መድኃኒት ሊመራው ይችላል። ሁለቱ ባለሙያዎች ምርመራቸውን በ2009 ሲያሳትሙ፣ ሌላ ሰው እርምጃ በእርምጃ እንዲከተለው በአር ኮድ የተደገፈ ሪፖርት አድርገው አቀረቡት። ሙከራዎቹ በ2010 ተቋረጡ፤ ጽሑፉ በ2011 ተሰረዘ። በ2015 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የምርምር ሥነ ምግባር ቢሮ በጥናቱ ዋና ተመራማሪ ላይ የሥነ ምግባር ጥሰት ማግኘቱን አስታወቀ። ስለዚህ ሁሉም ነገር የቸልተኝነት ውጤት ነበር ለማለት አልደፍርም። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ይቆማል። ከተለጠፈ ዓምድ ላይ ቸልተኝነትንና ማታለልን መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ባገርሊና ኩምብስ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት በጣም ተደጋጋሚዎቹ ስህተቶች ቀላሎቹ ናቸው የሚል ነበር፤ የረድፍ መንሸራተትና የምልክት መገላበጥ።

ይህ አንድ ነጠላ ክስተት ነው የሚል ካለ፣ ሰፋ ያለ ማስረጃ አለ። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት 70 የጂን ንባብ ስብስቦችን ፈተሹ። ዘዴያቸው ቀላልና ብልህ ነው። በሴቶች ናሙና ላይ ጎልተው የሚነበቡ፣ ሌሎች ደግሞ በወንዶች ናሙና ላይ ብቻ የሚነበቡ ጂኖች አሉ፤ ስለዚህ በሜታዳታው ላይ የተጻፈውን ፆታ ከንባቡ ራሱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ከስብስቦቹ 46 በመቶው ቢያንስ አንድ የማይጣጣም ናሙና ነበረባቸው። ይህ ዘዴ የሚይዘው ደግሞ በተለያየ ፆታ መካከል የተለዋወጡትን ብቻ ነው፤ የአንድ ሴት ናሙና ከሌላ ሴት ናሙና ጋር ቢቀያየር አያይም። ስለዚህ በእነዚህ ስብስቦች ውስጥ እውነተኛው ድርሻ ከታየው ሊበልጥ ይችላል። ለዚህ ጥናት ልዩ ክብር አለኝ፤ ጥምረትን ከልኬቱ ውስጥ በሚገኝ ነጻ ምስክር መፈተን እንደሚቻል አሳይቷልና። በጤፍም ላይ ይሠራል። መዝገቡ ቶሎ ይደርሳል የሚለው ዝርያ በመደቡ ላይ ከሁሉ ዘግይቶ ከታጨደ፣ ወይም ፍሬው ነጭ ነው የተባለው ዝርያ ቀይ ሆኖ ከተገኘ፣ ከተፈጥሮ በፊት ጥምረቱን መጠርጠር ይገባል።

አሁን ወደ አገራችን መዛግብት ልመለስ፤ እዚህ ላይ የውጭ መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የማያስጠነቅቁን አደጋ አለ። የመስክ ሠራተኛው ኅዳር 25 ቀን 2012 ታጨደ ብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይመዘግባል። ይህ በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 5 ቀን 2019 ነው። መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ዓመቱ፣ ሦስተኛው ወርና 25ኛው ቀን ይጻፋሉ። አር በራሱ የሚያውቀው የአውሮፓን አቆጣጠር ብቻ ስለሆነ ማርች 25 ቀን 2012 ብሎ ያነበዋል። ከዝናቡ ሠንጠረዥ ጋር ሲጣመር ምን ይሆናል? ይጣመራል! የጣቢያው መዝገብ የ2012ን ማርች ዝናብም ይዟልና ባዶ ቦታ አይታይም፤ ማስጠንቀቂያ አይወጣም፤ የረድፍ ቁጥር አይዛባም። አንቲ ጆይን እንኳ «ሁሉም ጓደኛ አግኝቷል» ይላል። ልኬቱ የተሰጠው ግን ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ የራቀ፣ የሌላ ወቅት ዝናብ ነው። ይህ ስህተት ራሱን የሚያጋልጥባቸው ቀናት እጅግ ጥቂት ናቸው። በ2012 የኢትዮጵያ ዓመት ውስጥ ካሉት 365 ቀናት አር እንደ አውሮፓ ቀን አድርጎ መቀበል የሚያቅተው ጥቅምት 30ን፣ ሁለተኛው ወር 30 ቀን ሊኖረው ስለማይችል፣ እና አምስቱን የጳጉሜን ቀናት ብቻ ነው። የቀሩትን 359 ቀናት ያለ ጥያቄ ይቀበላል። የመኸር ሙከራ ደግሞ በሐምሌ 2011 ተዘርቶ በኅዳር 2012 ስለሚታጨድ፣ ዓመት ብቻውን ቁልፍ ቢደረግ አንዱ ወቅት ለሁለት ይከፈላል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ግን ሁለቱም በ2019 ውስጥ ናቸው። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተነበበ ሙቀት በአውቶማቲክ መሣሪያ ላይ 9 ሰዓት ነው፤ ሳይቀየር ከተጣመረ የሌሊቱን ቅዝቃዜ ይይዛል። መፍትሔው የራሳችንን አቆጣጠር መተው አይደለም። የተጻፈው ቀን እንዳለ በአንድ ዓምድ ይቀመጥ፤ የተቀየረው ቀን በሌላ ዓምድ፤ አቆጣጠሩም በሦስተኛ ዓምድ በስሙ ይጻፍ። ቅየራውን በኮድ ማድረግ እንጂ በእጅ መቀየር አይገባም።

ስሞችም የራሳቸው ፈተና አላቸው። ደብረ ዘይት በአንዱ መዝገብ ደብረ ዘይት፣ በሌላው ቢሾፍቱ ነው። ፀደይ የተባለው የጤፍ ዝርያ በፀሐዩ ፀም በጸሎቱ ጸም ይጻፋል፤ ለአንባቢ አንድ ነው፣ ለኮምፒዩተር ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ዝርያው ከዚህ ሌላ የምርምር መለያ አለው፤ ዲዜድ-ሲአር-37። በ2006 የተለቀቀው ታዋቂው ቁንጮ ደግሞ ዲዜድ-ሲአር-387 ነው። አሁን አንድ ሰው «ስሞቹ በትንሹ ስለሚለያዩ ተቀራራቢውን ፈልጎ የሚያጣምር ዘዴ ልጠቀም» ቢል ምን እንደሚመጣ ተመልከቱ። ፀደይን ከጸደይ የሚለየው አንድ ፊደል ነው፤ ሊጣመሩ ይገባል። 37ን ከ387 የሚለየውም አንድ ምልክት ነው፤ በምንም መንገድ ሊጣመሩ አይገባም፤ አንዱ ቶሎ በመድረሱ፣ ሌላው በምርቱ የታወቁ ሁለት ዝርያዎች ናቸው። ርቀትን የሚለካ ስሌት ሁለቱን ጉዳዮች አይለይም። የሚለየው ጤፍን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ያ ሰው እውቀቱን የሚያሰፍርበት የስም ማመሳከሪያ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ በአንድ ዓምድ በየመዝገቡ የተገኘው አጻጻፍ ሁሉ፣ በሌላው የተስማማንበት መለያ። ጥምረቱ በእርሱ በኩል ያልፋል። ይህን ሠንጠረዥ የሚያዘጋጅ ሰው የምርምሩ ተባባሪ እንጂ ጸሐፊ አይደለም።

ወደ ተቃውሞዎቹ ደረስሁ። የመጀመሪያውና ጠንካራው እንዲህ ይላል፤ ስህተት በየትኛውም ልኬት ላይ አለ፤ ሚዛንም ይዋዥቃል፤ ጥቂት የተቀያየሩ መደቦች በብዙ ረድፎች መካከል ይቻቻላሉ። ክርክሩ በሁለት ምክንያት አይቆምም። አንደኛ፣ የምልክት መቀያየር ከመዋዠቅ የተለየ ነገር ነው፤ ልዩነትን ወደ ዜሮ ይጎትታል። አንዱ ዝርያ በሄክታር 24 ኩንታል፣ ሌላው 20 ኩንታል ቢሰጥና ከእያንዳንዳቸው መደቦች 10 በመቶው ተቀያይሮ ቢመዘገብ፣ የመጀመሪያው አማካይ ወደ 23.6 ይወርዳል፣ የሁለተኛው ወደ 20.4 ይወጣል፤ 4 ኩንታል የነበረው ልዩነት 3.2 ይሆናል። የጠበበውን ልዩነት በዚያው እርግጠኝነት ለማየት መደቦቹን ቢያንስ በ56 በመቶ መጨመር ያስፈልጋል። ያ መሬት፣ ዘርና የሰው ጉልበት ነው። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ይከብዳል። የሚዛን ስህተት አንድ ረድፍን ይነካል፤ የሜታዳታ ስህተት ግን ከቁልፉ ጋር የተሳሰረውን ረድፍ ሁሉ ይነካል። የአዴት የዝናብ መጠን በስህተት ከተጻፈ 120 መደቦች አንድ ዓይነት ስህተት ይወርሳሉ። በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ስህተት ቁጥሩ በበዛ መጠን አይቻቻልም፤ እንዲያውም ይበልጥ እርግጠኛ ያስመስላል።

ይህ ነጥብ ትክክለኛ በሆነ ጥምረት ላይም ስለሚሠራ ጥቂት ልቆይበት። ዝናቡ ከተጣመረ በኋላ የዝናብ ዓምዱ 240 ቁጥሮች አሉት። ሠንጠረዡን የሚያይ ሰው 240 የዝናብ ምልከታ ያለ ይመስለዋል፤ ያሉት ግን ሁለት ናቸው፣ አንድ ለደብረ ዘይት፣ አንድ ለአዴት። በዚህ ዓምድ ላይ ተመሥርቶ «ዝናብ ምርትን እንዲህ ይጨምራል» ብሎ የሚያሰላ ሰው ሁለቱን ቦታዎች እርስ በርስ እያወዳደረ መሆኑን አያውቅም፤ በሁለቱ መካከል ደግሞ አፈሩም ከፍታውም ይለያያል። የሥነ ምህዳር ሊቁ ስቱዋርት ኸርልበርት በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን የድግግሞሽ ማስመሰል ብሎ ሊተረጎም በሚችል ስም ጠርቶ ክፉኛ ተችቶታል። ማጣመር ቁጥርን ያባዛል፤ እውቀትን አያባዛም። ስለዚህ እያንዳንዱ የተጣመረ ዓምድ በየትኛው ደረጃ እንደተለካ፣ በመደብ፣ በዝርያ ወይስ በቦታ፣ አብሮት ሊጻፍ ይገባል፤ ትንተናውም ያንን ደረጃ ሊያከብር።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ሶፍትዌሩ ይጠብቀናል የሚል ነው። እውነት አለው። ዲፕላየር ከ2023 ወዲህ ከሁለቱም ወገን ቁልፍ ተደጋግሞ ሲያገኝ ያስጠነቅቃል፤ ተጠቃሚውም «ብዙ መደብ ለአንድ ዝርያ እንጂ አንድ መደብ ለብዙ ዝርያ አይሆንም» ብሎ ማወጅ ይችላል፤ አዋጁ ከተጣሰ ሥራው ይቆማል። በኢነር ጆይን ላይም ጓደኛ ያጣ ረድፍ ካለ ጥሎ ከማለፍ ይልቅ እንዲቆም ማዘዝ ይቻላል። ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው ባዮኮንዳክተር የተባለው የአር ማኅበረሰብ ደግሞ ልኬቱንና የናሙናዎቹን ሜታዳታ በአንድ መያዣ አስሮ፣ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው አብሮ እንዲቆረጥ አድርጓል። ይህን ሁሉ በደስታ እቀበላለሁ። ነገር ግን ሶፍትዌሩ የሚጠብቀው ያወጅነውን ነው። የኅዳር 25 ምሳሌ እነዚህን በሮች ሁሉ በሰላም ያልፋል፤ ቁልፉ ልዩ ነው፣ ጓደኛ አግኝቷል፣ ዓይነቱም ቀን ነው። ቅርጹ ትክክል የሆነን ስህተት የሚይዘው ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ከመካከላቸው ከመኸር ወቅት ውጭ የታጨደ አለ ወይ?» የሚል አንድ መስመር ኮድ ቢኖር ኖሮ ማርች ወዲያው በተያዘ ነበር።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጊዜ ነው፤ መረጃው ትንሽ ከሆነ በኤክሴል መለጠፍ ይፈጥናል ይባላል። ለአንድ ጊዜ ይፈጥናል። የአፈር ምርመራው ታርሞ እንደገና ሲመጣ ግን የተለጠፈው ሁሉ እንደገና ይለጠፋል፤ ያኔ የመጀመሪያው እንዴት እንደተለጠፈ የሚያስታውስ የለም፤ የእጅ ሥራ ዱካ አይተውምና። በኮድ የተጻፈ ጥምረት ቁልፉ ምን እንደነበር፣ ምን እንደተጣለ፣ የትኛው ስም ወደ የትኛው እንደተቀየረ ይናገራል፤ ሊጠየቅም ይችላል። በመነሻዬ ማጣመር ምስክርነት ነው ብያለሁ፤ የሚጠየቅ ምስክር ደግሞ ሊጠየቅ ከማይችለው ይሻላል። ስለዚህ ከምርምር ተቋሞቻችን የምጠብቀው ነገር ግልጽ ነው። የመደብ መለያው ከዘር በፊት ይሰጥ፤ በመስክ ደብተሩም፣ በናሙና ከረጢቱም፣ በላቦራቶሪው ቅጽም ላይ ሳይለወጥ እንደ ጽሑፍ ይጻፍ። ውጤቱ ሲታተምም የክብደቱ ሠንጠረዥ ብቻውን አይውጣ፤ የመስክ ንድፉ፣ የዝርያው መዝገብ፣ የስም ማመሳከሪያውና የማጣመሪያው ኮድ አብረውት ይውጡ። ባገርሊና ኩምብስ ከታተመው ውጤት ተነሥተው ጂኖቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየተከተሉ ለመመርመር የተገደዱት፣ የየትኛው ንባብ ስም ከየት እንደመጣ የሚያሳይ እንዲህ ያለ ሰነድ በእጃቸው ስላልነበረ ነው።